የፈረሶች ተራ

ሚስቴ በአርባ አምስት ዓመቷ «ፈረስ ልማር ነው» አለችኝ። ግልቢያ ማለቷ መስሎኝ ለወገቧ አዘንኩለት። ግልቢያ አልነበረም። ፈረስን ራሱን ነው፤ አበላሉን፣ አተኛኘቱን፣ ሰኮናውን፣ የሆድ ቁርጠቱን፣ ከዚያም አልፎ ፈረስ ያለው ሰው ሥራውን እንዴት እንደሚመራ፣ ደንበኛ እንዴት እንደሚይዝ፣ ሠራተኛ እንዴት እንደሚያሰማራ። ትምህርቱ «የፈረስ አያያዝና የንግድ ሥራ አመራር» ይባላል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎም ሳቄ መጣ። ከዚያ ፊቷን አየሁና ዋጥ አደረግሁት፤ ከዚህች ሴት ጋር ይህን ያህል ዘመን የዘለቅሁት መቼ ዝም እንደሚባል ስለማውቅ ነው።

ለማያውቃት ሰው ልንገረው። ሚስቴ በሚኒባስ መናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነበረች። ቢጫ ሰደርያ ትለብሳለች፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ አለ፣ እጇ ባዶ ነው። ሹፌሮች ጉልበተኞች፣ ረዳቶች አፈኞች፣ ተሳፋሪው ችኩል፤ እሷ ግን ቀኝ እጇን ዘርግታ ስትቆም ሁሉም ባለበት ይቆማል። የሠፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «ተራ» ነው የሚላት። ቤት ውስጥም ያው ናት። ሾርባ ስታወጣ ትናንት መጀመሪያ የወጣለት ዛሬ መጨረሻ ነው። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ፀጉር ቤቴ መጥታ የምትነግረኝ ነገር እንኳ ቢኖራት ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጣ ከፊቷ ያሉት ተስተካክለው እስኪወጡ ትጠብቃለች። «የባልሽ ቤት አይደለም እንዴ?» ሲሏት፣ «ቤቱ የባሌ ነው፤ ወረፋው ግን የናንተ ነው» ትላለች።

የፈረስ ነገር ልቧ ውስጥ የገባው እዚያው መናኸሪያ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አሸዋ የሚጎትት ፈረስ ከጋሪው ተፈትቶ ሚኒባሶቹ መሀል ገባ። ሹፌሮቹ ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ሰው ይጮኻል፣ ፈረሱ ዓይኑን አፍጥጦ ወዲያ ወዲህ ይላል። እሷ ምን ታድርግ፣ የምታውቀውን አደረገች። ፊቱ ቆማ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ፈረሱ ቆመ። ቆሞም አልቀረ፣ አፍንጫውን ሰደርያዋ ውስጥ ወሽቆ በረጅሙ ተነፈሰ። «ፈረሱም ተራ ያዘ!» ብለው ሹፌሮቹ ተንከተከቱ።

እራት ላይ ምግቧን አልነካችም። ሰደርያውንም ሳታጥበው ወንበር ላይ ሰቅላዋለች። «ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እጄን ስዘረጋ የቆመ ሁሉ እየተሳደበ ነው የቆመው» አለች። «እሱ ብቻ አምኖኝ ቆመ።»

ሰደርያውን ከወንበሩ አንስቼ አሸተትኩት፤ ፈረስ ፈረስ ይላል።

ኮሌጁ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ የራሱ ጋጣና የራሱ መስክ አለው። አብረዋት የሚማሩት ከሴት ልጃችን ብዙም አይበልጡም። ልጃችን የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ስለነበረች እናትና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጡና አንዷ ስለ አቶም፣ ሌላዋ ስለ አንጀት ታነባለች። የፈረስ አንጀት በዚያ ሰሞን በኛ ገበታ ላይ ያልተነሳበት ቀን የለም። የማቀዝቀዣው በር ላይ የፈረስ አጥንት ሥዕል ተለጠፈ፤ ወተት ለማውጣት መጀመሪያ የጎድን አጥንቱን መክፈት ነበረብን።

ለተግባር ትምህርቱ ደግሞ ፈረሱ እኔ ሆንኩ። ከሥራ ገብቼ አረፍ ስል ቁርጭምጭሚቴን በፋሻ ትጠቀልላለች። «ጠበቀ?» ትላለች፤ «ትንሽ» ስል፣ «ፈረስ አይናገርም፣ ዝም በል!» ትለኛለች። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች፣ እግሬን ወደ ኋላ አንስታ ጉልበቶቿ መሀል አስገባችና የጫማዬን ሶል በማንኪያ መጫር ጀመረች። የሰኮና አጠራረግ ነው። ጎረቤታችን በሯን ከፈተች፣ አየችን፣ መልሳ ዘጋችው። ስለዚያ ቀን እስካሁን አልጠየቀችንም።

በአመራሩ ትምህርት ግን የሚደርስባት አልነበረም። ሌሎቹ ከመጽሐፍ የሚያነቡትን እሷ አቧራ ላይ ቆማ ኖራዋለች። የተቆጣ ደንበኛ፣ ያረፈደ ሠራተኛ፣ በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ የሚፈለግ ተሽከርካሪ፤ ለእሷ ይሄ ዳቦ ነው። «ፈረስ ነዳጅ አይሞላም እንጂ እረፍት ይሞላል» ብላ የጻፈችው መልስ በክፍሉ ተነበበላት። ያን ቀን ስትገባ ደረጃውን እየዘለለች ነው የወጣችው።

በመካከላችን የነበረው ጣጣ አንድ ነው፤ ፀጉሯ። ትከሻዋን አልፎ የሚወርድ ጥቁር ፀጉር ነው፤ ድርቆሽ ይሰካበታል፣ ፈረሶቹም ጀርባዋን ስትሰጣቸው ያኝኩታል። «አሳጥርልኝ» ትላለች። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። የሰው ፀጉር ቆርጬ የማድር ሰው ነኝ፤ የሚስቴን ግን አልነካም። በመጨረሻ ተወራረድን። ከኮሌጁ አጠገብ ያለው፣ በኮሌጁ ጋጣና ፈረሶች የሚሠራው የግልቢያ ትምህርት ቤት የጋጣ ኃላፊ ይፈልግ ነበር፤ ከተመራቂዎቹ አንድ ሰው ይወስዳል።

«ቦታውን ካገኘሁ ትቆርጠዋለህ» አለች።

«ካላገኘሽስ?»

ፀጉሯን ጠቅልላ አሰረችው። መናኸሪያው ቢጫውን ሰደርያ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል፤ መመለሻ የላትም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

ሁሉም ነገር ደህና ሲሄድ ቆይቶ በመኖ ማደል ፈተና ላይ ወደቀች። የወደቀችበትን ነገር ከሷ በቀር ማንም አይሠራውም። ባልዲዎቹን አሰለፈችና ከበሩ ጀምራ በተራ ታድል ጀመር፤ መጀመሪያ የበሩ፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ ልክ እንደ ሚኒባስ። በጋጣው መጨረሻ ያለችው እመቤት የምትባል ነጭ ባዝራ ናት። አርጅታለች፣ ግን የጋጣው አለቃ እሷ ናት። የሌሎቹን ባልዲ ድምፅ እየሰማች ትንሽ ታገሠች፤ ከዚያ በኋላ በእግሮቿ ሳንቃውን ብትረግጠው ተሰነጠቀ። ጎረቤቷ ደነገጠ፣ ባልዲ ተገለበጠ፣ ጋጣው በሙሉ ማሽካካት ሆነ።

መምህሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሲናገሩ ቃላቸው እርስ በርሱ ስለሚረጋገጥ ተማሪዎቹ በሌሉበት «ሽምጥ» ይሏቸዋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሚኒባስ ናቸው እንዴ?» አሉ።

«መምህር፣ እኔ ተራ ነው የጠበቅሁት። ማንንም ከማንም አላበላለጥኩም።»

«ተራ የላቸውም ያለሽ ማነው? ተራማ አላቸው! ያንቺ ተራ አይደለም እንጂ!»

ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት እናቷ የሞቱ ጊዜ ነበር፤ ሁለተኛው ይሄ ነው። «ፈረስ እኮ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ» አልኳት፤ ማጽናናቴ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። «ሌላ የማውቀው ነገር አለ? ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩት ተራ ላይ ነው። እሱንም አላውቀውም ማለት ነው?» ልጃችን ከጠረጴዛው ተነስታ ሻይ አፈላች። እኔ ፋሻውን ከመሳቢያ አውጥቼ እግሬን ዘረጋሁላት። ሳትስቅ ጠቀለለችው፤ ግን ጠቀለለችው።

መምህሩ ያንን ፈተና ከመጨረሻው ጋር እንድትደግመው ፈቀዱላት። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ መስኩ አጥር ላይ ተደግፈን እንውል ጀመር። እኔ የሻይ ቴርሞስ ተሸካሚ ነኝ። ፈረሶቹ ይግጣሉ፤ እኛ እናያለን። ሌላ ነገር አይሆንም።

«አየኸው?» ትለኛለች።

«ምኑን?»

«ጆሮዋን!»

ጆሮውን መቼ አይቼው። እኔ የማየው ጋማቸውን ነው፤ የአንዱ ጋማ በደነዘ መቀስ ነው የተቆረጠው፣ ያ ነበር ሲያበሳጨኝ የሚውለው። እሷ እያሳየችኝ ግን ቀስ በቀስ ገባኝ። የውሃው ገንዳ ጋ እመቤት ስትደርስ አትገፋም፣ አትነክስም። ጆሮዎቿን ትንሽ ወደ ኋላ ታጥፋለች፤ በቃ፣ ሌሎቹ ቦታ ይለቃሉ። ከሷ ቀጥላ ዳማ ናት፤ ወጣት፣ ቀይ ዳለቻ፣ ደረቷን ነፍታ የምትሄድ። ከዚያ ሌሎቹ። መጨረሻ ላይ ቅዳሜ የሚሉት ሰንጋ ፈረስ ይመጣል፤ ስሙ የወጣለት ሁልጊዜ ነገ እረፍት ያለ ስለሚመስለው ነው።

«ተራ አስከባሪ የላቸውም» አለችኝ አንድ እሁድ፣ ቅናት በሚመስል ድምፅ። «ፊሽካ የለ፣ ስድብ የለ። ሁሉም ያውቀዋል።»

ከፈተናው በፊት በነበረው የመጨረሻ እሁድ እመቤት ወደ ገንዳው መጣች። ዳማ ቀድማ እየጠጣች ነበር። እመቤት ጆሮዋን አጠፈች። ዳማ ቀና አለች፣ አየቻት፣ መልሳ መጠጣቷን ቀጠለች። አሮጊቷ ትንሽ ቆመችና ውሃ እንዳልጠማው ሰው ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዞረች። ሚስቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

«ምነው?»

«ምንም። ሻይ ቅዳልኝ።»

ፀጉር ቤቴ ውስጥ ጋሼ ጥሩንባ የምንላቸው ጡረተኛ ሹፌር አሉ። በሥራ ዘመናቸው የሚስቴን ተራ ሊሰብሩ ያልሞከሩበት ቀን አልነበረም፤ ያን ጊዜ ፈረሱ ላይ ጥሩንባ ሲነፉ ከነበሩትም አንዱ ናቸው። አሁን ጢም ኖራቸውም አልኖራቸውም አግዳሚዬ ላይ ይውላሉ። በፈተናው ጠዋት ሚስቴ ቁልፍ ልትሰጠኝ ጎራ ስትል፣ «እህቴ፣ ትምህርት እንደሆነ ፈረስ ነው፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አሏት። «እንግዲህ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው!»

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አያስፈራሩኝ» አለች።

«እኔን ያስፈራሽ ሴት ፈረስ ይፈራሻል እንጂ አትፈሪም» አሉ፤ ከልባቸው ነው።

የዚያን ቀን ጋጣው የሷ ነበር። ጠዋት ከመኖው ጀምሮ ጋላቢዎቹ መጥተው እስኪሄዱ ሁሉን እሷ ትመራለች፤ መምህሩና የግልቢያ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቆመው ያያሉ። ዳይሬክተሯ ባርኔጣዋን ከራሷ የማታወርድ፣ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት ናት። የጋጣው በር ላይ ከመጀመሪያው ፈተና ወዲህ የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ፈረሶቹ የሚበሉበትና ከመስክ የሚገቡበት ቅደም ተከተል በመምህሩ እጅ በጠመኔ ተጽፎበታል። እመቤት ከላይ ናት። መኖውን በሰሌዳው መሠረት ከእመቤት ጀምራ አደለች፤ ሁሉም በየክፍሉ ስለሆነ አንድም አልተንጫጫ። አንዱ ፈተና አለፈ።

ጣጣው የመጣው ከመስክ ሲመለሱ ነው። የመስኩ በር ጠባብ ነው፤ አንድ ፈረስ ብቻ ያሳልፋል። በሩ ላይ ጆሮዋን ቀስራ የቆመችው ዳማ ናት፤ ሌሎቹ ከኋላዋ። እመቤት ራቅ ብላ ዛፎቹን ታያለች። ሚስቴ ገመዱን ይዛ ቆመች። ሰሌዳው እመቤትን አምጪ ይላል። ካመጣቻት ግን አሮጊቷን በዳማ ጎን፣ በዚያ ጥበት ልታሳልፋት ነው፤ ዳማ ከረገጠቻት ያረጀ እግር አይጠገንም። መምህሩ ያያሉ፤ ዳይሬክተሯ ታያለች። እንደነገረችኝ ያን ጊዜ ያሰበችው እኔን ነው፤ ቢጫውን ሰደርያና እኔን።

በሩን ለዳማ ከፈተች። ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ አስገባች። ቅዳሜ ብቻ ሲቀር እመቤትን ራሷ ሄዳ፣ አንገቷን እያሻሸች፣ ከሱ ቀደም አድርጋ አመጣቻት።

«ሰሌዳው ምን ይላል?» አሉ መምህሩ።

«እመቤት ትቅደም ይላል።»

«ታዲያ?»

«እመቤት ተራዋን ለቃለች መምህር። ሰሌዳው ገና አልሰማም።»

ሽምጥ ሰሌዳውን አዩ፣ ዳማን አዩ። «ሥራሽን ቀጥዪ» ብቻ አሉና ወደ መስኩ አጥር ሄዱ። ዳይሬክተሯ ባርኔጣዋን አስተካከለች። ሚስቴ እንዳበቃላት አወቀች፤ ቢሆንም ሥራው ሥራ ነውና ቀጠለች። ከሰዓት ጋላቢዎቹ መጡ፣ አንድ አባት ልጁን ከፊት ሊያስገባ ሲገፋ ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ ቆመ። ፈረስ አይታ የማታውቅ፣ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ የተደበቀች አንዲት ሕፃን ነበረች፤ እሷን እመቤት ላይ አስቀመጠቻት። አሮጊቷ እንቁላል የተሸከመች ያህል ተጠንቅቃ ዞረች። ሁሉም ሲሄድ መምህሩ፣ «ጋጣውን ዝጊና ቢሮ ነይ» አሏት።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እኔ የማውቀው ወደ ማምሻው ላይ የፀጉር ቤቴ በር መከፈቱን ነው። ሰላምታ ሰጥታ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። ፊቷን አየሁት፤ የመናኸሪያ ፊቷን አድርጋዋለች፣ ምንም አይነበብበትም።

«እሺ?» አልኳት።

«ከፊቴ ሰው አለ» አለች።

ወንበሩ ላይ አንድ የባንክ ዘበኛ ተቀምጧል፤ አግዳሚው ላይ ጋሼ ጥሩንባ አሉ። ዘበኛውን እንዴት እንደጨረስኩት እግዜር ይወቀው። «ኧረ ጆሮዬን!» ሲል ሰምቼዋለሁ። እስከ ዛሬ የዚያን ቀን ግራ ጎኑን ያነሳብኛል። ቀጥሎ ጋሼ ጥሩንባ ብድግ አሉ።

«ተራዬን ለሷ ሰጥቻለሁ! ነፍሴ ሳትወጣ ትንገረን!»

«አይሆንም ጋሼ» አለች ሚስቴ። «እርስዎ ቀድመው መጥተዋል።»

«ሰውዬው ራሱ ለቅቄያለሁ ካለስ?»

«ጢምዎ አድጓል፤ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያልተሸነፉት ያን ቀን ወንበሬ ላይ ተሸነፉ። አረፋውን ቀባሁ፣ ምላጬን አነሳሁ፤ የዘበኛውን ጆሮ አስታውሰው መሰለኝ ጋሼ ጥሩንባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ በመስታወቱ እሷን አያለሁ። ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ፣ እጆቿ ጉልበቶቿ ላይ ናቸው፣ ግድግዳውን ታያለች። አንዴ እንኳ ፊቷ ቢንቀሳቀስ ምናለ! አልተንቀሳቀሰም።  ነገ ጠዋት ቤት ትውላለች፣ እኔ ምን እላታለሁ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ሥዕልስ ማን ያነሳዋል እያልኩ ላጨሁ።

ጋሼ ጥሩንባ ፊታቸውን እየዳበሱ ተነሱ። ከወንበሩ ግን ራቅ አላሉም፤ ዘበኛውም በሩ ላይ እንደቆመ ነው። ሚስቴ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጨርቁን አንገቷ ላይ አሰርኩ። እጇን ወደ ማጅራቷ ሰደደችና የፀጉር መያዣውን ነቀለችው። ፀጉሯ ከነድርቆሹ ትከሻዋ ላይ ተዘረገፈ። በመስታወቱ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«አሳጥረው» አለች።

«ምን አለች? ምን ማለት ነው? አገኘች ወይስ አላገኘችም?» ጋሼ ጥሩንባ ነበሩ። ውርርዱን ያውቃሉ፤ የሚስቴን ፀጉር ስነካ ግን አይተውኝ አያውቁም።  እጄን ራሷ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ከዚያ መቀሱን አነሳሁ፤ ለጋሼም ያ መልስ ሆናቸው፣ ዘበኛውን አቅፈው ጮኹ።

እየቆረጥኩ ነገረችኝ። ቢሮ ስትገባ ዳይሬክተሯ የሥራ ውሉን አዘጋጅታ ትጠብቃታለች። መምህሩ ግን አላስቀመጧትም፤ ይዘዋት ወደ ጋጣው ተመለሱ። ከሰዓቱን ሁሉ አጥሩ ላይ ቆመው ውለው ዳማንና እመቤትን ሲያዩ ነበር። ሰሌዳውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉና ጠመኔውን ሰጧት። «ከእንግዲህ ተራውን አንቺ ጻፊ» አሏት። ዳማን ከላይ ጻፈች፤ ሌሎቹን አስከትላ ቅዳሜን ከታች።

«እመቤትንስ?» አልኳት።

«እሷን አልጻፍኳትም» አለች። «በፈለገችው ሰዓት ትግባ።»

መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። ተራ የማይመለከተው ፍጥረት እንዳለ ከሚስቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምነው ቆምክ?» አለችኝ በመስታወቱ። «ቁረጥ እንጂ፤ ነገ በጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ።»